የጌሚንግ ላፕቶፕ ግለትና ገዢው የማያየው ሒሳብ

በአዲስ አበባ የኮምፒዩተር ገበያ «ጌሚንግ» የሚባለው ላፕቶፕ ስሙ ከጨዋታ ቢመጣም ገዢው ብዙውን ጊዜ ተጫዋች አይደለም። የሕንፃ ንድፍ የሚያወጣ አርክቴክት፣ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ስቱዲዮ፣ የማስታወቂያ ድርጅት የግራፊክስ ባለሙያ ሁሉም ወደዚሁ ማሽን ይመጣሉ። ጠንካራ ፕሮሰሰርና ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ በአንድ ቀፎ ውስጥ ተሰብስቦ በቦርሳ የሚያዝበት ዕቃ እንደ ልብ አይገኝምና። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ካደረገ በኋላ፣ ቀደም ሲል 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን መሻገሩ ይታወሳል። በዶላር ተገዝቶ የሚገባው ይህ ላፕቶፕም አብሮ ተወደደ። ለብዙ አነስተኛ ድርጅቶች ዛሬ ከቢሮ ዕቃነት አልፎ እንደ ማሽነሪ የሚታሰብ፣ ካፒታል የሚታሰርበት ንብረት ነው።

የዚህ ካፒታል ዋጋ ግን በገበያው ላይ የሚተመነው ከኪቦርዱ አጠገብ በተለጠፈችው ትንሽ ምልክት ነው። «አይ 7 ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ትውልድ፣ አርቲኤክስ አለው» ከተባለ ድርድሩ ከዚያ ይጀምራል። ምልክቷ የማትናገረው ነገር፣ ፕሮሰሰሩ የሚያመነጨውን ሙቀት ቀፎው ምን ያህሉን ማስወጣት እንደሚችል ነው። አንድ ዓይነት ፕሮሰሰር የያዙ ሁለት ላፕቶፖች አንድ ዓይነት ሥራ ተሰጥቷቸው አንደኛው ቀድሞ ሲጨርስ ሌላው ኋላ የሚቀረው በዚህ ምክንያት ነው። ገዢው የከፈለበት ፍጥነት የት ገባ ቢባል፣ በሙቀት ተበልቷል።

45 ዋት የተባለው 115 ዋት ሲሆን

ፕሮሰሰር የሚወስደው ኤሌክትሪክ በመጨረሻ ሁሉም ወደ ሙቀት ይለወጣል። ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ2022 ያወጣው ኮር አይ 7 12700ኤች የተባለው ፕሮሰሰር መነሻ ኃይሉ 45 ዋት ነው። ሥራ ሲበዛበት ግን እስከ 115 ዋት እንዲወስድ ተፈቅዶለታል። የዓመት ታናሹ ኮር አይ 9 13980ኤችኤክስ ደግሞ ከ55 ዋት ተነስቶ 157 ዋት ይደርሳል። የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል በርቶ ሳለ በእጁ የነካ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ያውም አምፖሉ ሙቀቱን በሰፊ ብርጭቆ ላይ ሲበትን፣ ፕሮሰሰሩ በአውራ ጣት ጥፍር በሚያህል ሲሊከን ላይ ነው የሚያከማቸው። በዚህ ላይ የግራፊክስ ካርዱ ሙቀት ይጨመርበታል። በብዙ ሞዴሎች ሁለቱ ሙቀታቸውን የሚያስተላልፉበትን የመዳብ ቱቦ ይጋራሉ።

ለመሆኑ ስንት ዲግሪ ነው አደጋ የሚባለው? ኢንቴል ለእነዚህ ፕሮሰሰሮች ያስቀመጠው ጣሪያ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ኤኤምዲ ለራይዘን 7 5800ኤች 105፣ ለራይዘን 7 6800ኤች ደግሞ 95 ዲግሪ ወስኗል። ፕሮሰሰሩ ጣሪያው ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። ያም አልበቃ ብሎ ሙቀቱ ከቀጠለ ማሽኑ ራሱን ያጠፋል። ስለዚህ «ሙቀቱ ፕሮሰሰሩን ያቃጥለዋል» የሚለው የገበያ ፍራቻ ከእውነታው ይርቃል። የሚቃጠለው የባለቤቱ ጊዜ ነው።

አይሱዙ ጭነት ይዞ ከዓባይ በረሃ ወደ ደጀን ሽቅብ ሲወጣ ሞተሩ ከጋለ ሾፌሩ ማርሽ ቀንሶ በዝግታ ይነዳል እንጂ ሞተሩን አያፈነዳም። ጭነቱም ይደርሳል፤ ግን አርፍዶ። በረጅሙ ሲታይ በእርግጥ ሌላም ወጪ አለ። በሰርኪዩት ንድፍ ሙያ የታወቀ መመሪያ እንደሚለው የኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተር ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል። የሊቲየም ባትሪም ሙቀት አይወድም። ፕሮሰሰሩ ራሱ ግን በዚህ ቤተሰብ ውስጥ መጨረሻ ከሚሞቱት አንዱ ነው።

እንግዲህ 90 ዲግሪ የሚል ቁጥር ብቻውን ጥሩም መጥፎም አይደለም። በ90 ዲግሪ 75 ዋት እየወሰደ ፍጥነቱን ሳይቀንስ የሚሠራ ማሽን ጤነኛ ነው። በዚያው 90 ዲግሪ 30 ዋት ላይ የቆመው ግን ሕመምተኛ ነው። ዲግሪውን ከዋቱ ጋር ሳያስተያዩ ዋጋ መደራደር ክብደቱን ሳይመዝኑ ቡና እንደ መግዛት ይቆጠራል።

አይ 9 በአይ 7 ሲበለጥ

ይህ ጉዳይ በዓለም ገበያ ፊት ተጋልጦ የወጣው እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2018 ነው። ማሽኑ ጌሚንግ ሳይሆን የአፕል ማክቡክ ፕሮ ነበር። አፕል በዚያ ዓመት በባለ 15 ኢንቹ ላፕቶፕ ላይ መነሻ ፍጥነቱ 2.9 ጊጋኸርዝ የሆነ ኮር አይ 9 አማራጭ አቀረበ። ይህን የመረጠ ገዢ ከአይ 7ቱ በላይ መክፈል ነበረበት። ዴቭ ሊ የተባለ የካናዳ ዩቲዩበር ማሽኑን ገዝቶ ቪዲዮ የማውጣት ሥራ ሰጠው። አይ 9ኙ ከመነሻ ፍጥነቱ እንኳ በታች ወርዶ 40 ደቂቃ ገደማ ፈጀ። ያለፈው ዓመት አይ 7 ማክቡክ ያንኑ ሥራ በ35 ደቂቃ ገደማ ነበር የጨረሰው። ሰውየው ከዚያ ላፕቶፑን ማቀዝቀዣ ውስጥ ከትቶ ሥራውን ደገመው። 27 ደቂቃ ገደማ ወሰደበት።

ፕሮሰሰሩ ደካማ አልነበረም ማለት ነው። ቀዝቃዛ አየር ሲያገኝ የተባለለትን ሠርቷል። አፕል ከቀናት በኋላ ይቅርታ ጠይቆ፣ በሙቀት መቆጣጠሪያው ሶፍትዌር ውስጥ የጎደለ ነገር እንደነበር አምኖ ማስተካከያ አወጣ። የሚገርመው፣ ችግሩ በብዛት የተፈታው ተጨማሪ ፋን በመግጠም ሳይሆን ፕሮሰሰሩ ኃይል የሚወስድበትን ሥርዓት በማስተካከል መሆኑ ነው። ይህ ነጥብ ከታች ተመልሶ ይመጣል።

ስስ አየር፣ ቀዝቃዛ ክፍል

የአዲስ አበባ ገዢ ዩቲዩብ ላይ የሚያየው የላፕቶፕ ግምገማ በአብዛኛው ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች የተሠራ ነው። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ወለል አየር ሩብ ያህል ይሳሳል። ፋኑ የሚገፋው የአየር መጠን ያው ቢሆንም ክብደቱ ስለሚቀንስ ተሸክሞ የሚያወጣው ሙቀትም ያንሳል። ግምገማው ላይ 82 ዲግሪ ያሳየው ማሽን እዚህ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል ዕቃው ተበላሽቷል ማለት አይደለም።

አምራቾች ይህን ያውቃሉ። ሌኖቮ ለቲንክፓድ ላፕቶፖቹ ባወጣቸው መመሪያዎች እስከ 2,438 ሜትር ከፍታ የክፍሉ ሙቀት እስከ 35 ዲግሪ ድረስ ይፈቀዳል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ግን የሚፈቀደው 31.3 ዲግሪ ብቻ ነው። እንጦጦ ላይ የሚሠራ ሰው ከዚህ መስመር በላይ ነው፤ ቦሌ ያለው ደግሞ ከመስመሩ በታች።

ደግነቱ የከተማዋ ክፍሎች ቀዝቃዛ ናቸው፤ ስስ አየሩ የወሰደውን ብርዱ በከፊል ይመልሳል። ሒሳቡ የሚገለበጠው ዕቃው ወደ ቆላ ሲሄድ ነው። ለሰመራ፣ ለጋምቤላና ለድሬዳዋ ደንበኞች የሚልኩ ነጋዴዎች ይህን ማሰብ ይኖርባቸዋል። ማሽን የሚያወጣው ሙቀት የሚወሰነው በውስጡና በክፍሉ መካከል ባለው ልዩነት ነው። 20 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ 88 ላይ የሚረጋ ፕሮሰሰር ከክፍሉ በ68 ዲግሪ ይበልጣል ማለት ነው። ክፍሉ 38 ዲግሪ ሲሆን ያው ልዩነት 106 ላይ ያደርሰዋል። ጣሪያው 100 ነውና ፕሮሰሰሩ ኃይሉን ሊቀንስ ይገደዳል። የቆላው አየር ወፈር ያለ መሆኑ ጥቂት ቢያግዘውም፣ አዲስ አበባ ሱቅ ውስጥ «ምንም አይልም» ተብሎ የተሸጠ ማሽን እዚያ ሲደርስ ሊያቃስት ይችላል። ሻጩም አልዋሸ፣ ገዢውም አልተሳሳተ። የተለወጠው አየሩ ነው።

በነፃ የሚገኘው ዲግሪ

ሙቀት ለመቀነስ የመጀመሪያው ወጪ ዜሮ ብር ነው። አብዛኞቹ ጌሚንግ ላፕቶፖች አየር የሚስቡት ከሥራቸው ነውና በአልጋ፣ በሶፋና በጠረጴዛ ልብስ ላይ መሥራት መታፈን ነው። የኋላውን ጠርዝ በሁለት ሴንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ ጥቂት ዲግሪ ያወርዳል። ባለ መብራት የማቀዝቀዣ ጠረጴዛዎች ከዚህ ብዙም ላይሻሉ ይችላሉ፤ ፋኖቻቸው ከላፕቶፑ የአየር ቀዳዳ ጋር ካልተገጣጠሙ ገንዘቡ ለመብራቱ ተከፈለ ማለት ነው።

ትልቁ ዲግሪ ያለው ግን በኃይል አሰጣጡ ላይ ነው። ፕሮሰሰር የሚያመነጨው ሙቀት በሚሰጠው ቮልቴጅ ካሬ ልክ ያድጋል። ቮልቴጁ በ10 በመቶ ሲቀነስ፣ ፍጥነቱ ሳይነካ፣ ከሥራው የሚመጣው ሙቀት በ19 በመቶ ይወርዳል። በተቃራኒው የመጨረሻዋን የፍጥነት ጫፍ ለማግኘት ቮልቴጁ ከፍ ስለሚል የመጨረሻዎቹ ዋቶች እጅግ ውድ ናቸው። በቀጭን ቀፎ ውስጥ 115 ዋት የተፈቀደለት ፕሮሰሰር ጣሪያውን እየነካ ወደ ታች እየወረደ ሲንገዳገድ፣ 65 ዋት ላይ የተወሰነው ረግቶ ስለሚሠራ በመጨረሻ የሚገኘው ልዩነት ትንሽ ነው። በአምራቹ መቆጣጠሪያ ፕሮግራም ውስጥ ከ«ቱርቦ» ወይም «ፐርፎርማንስ» ወደ መካከለኛው ደረጃ መውረድ ይህንኑ ይሠራል። ለቀን ሥራ ይበቃል።

ጥገና ቤቶች የሚያውቁት ሌላው ዘዴ በዊንዶውስ የኃይል ማስተካከያ ውስጥ ከፍተኛውን የፕሮሰሰር መጠን ከ100 ወደ 99 በመቶ ማውረድ ነው። አንድ በመቶ ትመስላለች እንጂ በብዙ የኢንቴል ማሽኖች ላይ ቱርቦ የሚባለውን ሙሉ በሙሉ ታጠፋለች። ሙቀቱ በሚያስደንቅ ሁኔታ ይወርዳል። ፍጥነቱም እንደዚያው። 12700ኤች ከ4.7 ወደ 2.3 ጊጋኸርዝ ይወርዳል ማለት ነው። ለኤክሴልና ለኢንተርኔት አይታወቅም፤ ብዙ ጨዋታዎችም ዋናውን ሸክም ግራፊክስ ካርዱ ላይ ስለሚጥሉ ብዙም ላይጎዱ ይችላሉ። ቪዲዮ ለሚያወጣ ስቱዲዮ ግን ይህ የገዛውን ዕቃ ግማሽ ቆርጦ መጣል ነው። ያገለገለ ማሽን ሲሸጥ ይህ ማስተካከያ አስቀድሞ ተደርጎበት «በጣም ቀዝቃዛ ነው» እየተባለ ሊቀርብ ስለሚችል ገዢው ይህን ቦታ ከፍቶ ቢያይ ይጠቅመዋል።

ቮልቴጅን በቀጥታ መቀነስ በአንድ ወቅት ሁሉም የሚያደርገው ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2019 የበርሚንግሃም፣ የግራዝና የሉቨን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ይኸው በር ለመረጃ ሌቦች ሊያገለግል እንደሚችል አጋለጡ። ግኝቱ ፕላንደርቮልት ተባለ። ከዚያ ወዲህ አምራቾች በባዮስ ማሻሻያ በሩን በብዙ ላፕቶፖች ላይ ዘጉት። ስለዚህ «ቮልቴጁን እቀንስልሃለሁ» የሚል ባለሙያ በዚያ ሞዴል ላይ የሚቻል መሆኑን አስቀድሞ ማሳየት አለበት።

አቧራና ፔስት

አዲስ አበባ ውስጥ መንገድና ሕንፃ የማይቆፈርበት ሰፈር ማግኘት እየከበደ ነው። አቧራው በላፕቶፑ ፋንና በስስ የመዳብ ክንፎቹ መካከል ገብቶ እንደ በርኖስ ይደመደማል። ከውጭ አይታይም። ከጎሚስታ ኮምፕሬሰር በቀጥታ ማስነፋት አይመከርም፤ ግፊቱ ፋኑን ከልኩ በላይ ያሽከረክረዋል፣ አየሩም የውሃ ጠል ይዞ ይመጣል። ክዳኑ ተፈትቶ፣ ፋኑ በጣት ተይዞ፣ በብሩሽና በቀስታ አየር መጽዳት አለበት።

በፕሮሰሰሩና በመዳቡ መካከል የሚቀባው ፔስትም ዘላለማዊ አይደለም። በተደጋጋሚ ሲግልና ሲቀዘቅዝ ከመሐል እየተገፋ ወደ ዳር ይወጣል፤ የቀረውም ይደርቃል። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ማደስ የተለመደ ሲሆን ወጪው ከማሽኑ ዋጋ አንጻር ኢምንት ነው። የትኛው ጥገና እንደሚያስፈልግ ለማወቅ እጅን ከአየር መውጫው ፊት ማድረግ ይበቃል። ስክሪኑ ላይ 98 ዲግሪ እየተነበበ ከፋኑ የሚወጣው አየር ለብ ያለ ብቻ ከሆነ ሙቀቱ ከፕሮሰሰሩ አልተነሳም፤ ፔስቱ አልቋል። አየሩ የጋለ ሆኖ አወጣጡ ደካማ ከሆነ አቧራ ነው። አየሩ የጋለም ብርቱም ከሆነ ግን ማሽኑ የሚችለውን እየሠራ ነው፤ ጥገና አይፈልግም።

በፔስት ገበያ ላይ ሁለት ነገር ይታወቅ። ሐኒዌል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፒቲኤም 7950 በሚል ስም የሚሸጠው ስስ ሉህ 45 ዲግሪ ገደማ ላይ እየለሰለሰ ክፍተት የሚሞላ በመሆኑ እንደ ተራው ፔስት ቶሎ አይገፋም፤ ላፕቶፕ ለሚያድስ ሰው ከምርጦቹ አንዱ ነው። ሁለተኛው «ፈሳሽ ብረት» የሚባለው ነው። ሙቀት በማስተላለፍ የሚወዳደረው የለም። ነገር ግን ጋሊየም ስላለበት አሉሚኒየምን ይበላል፣ ኤሌክትሪክም ያስተላልፋል፤ አንዲት ጠብታ ማዘርቦርዱ ላይ ብታመልጥ ማሽኑ አለቀለት። አሱስ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ በአንዳንድ አርኦጂ ላፕቶፖቹ ላይ በፋብሪካ ይህንኑ ይቀባል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ እንዲህ ያለውን ማሽን ተራ ፔስት መስሎት ከፍቶ ሲጠርግ ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። የአርኦጂ ባለቤት ማሽኑን ከማስረከቡ በፊት ሞዴሉን አጣርቶ ለጠጋኙ መንገር ይኖርበታል።

ሱቅ ላይ አሥር ደቂቃ

ሻጮች ለገዢ የሚያሳዩት ሙከራ ብዙውን ጊዜ አጭር ነው። ማሽኑ ይበራል፣ አንድ ጨዋታ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ኢንቴል ፕሮሰሰሮች ከፍተኛውን ኃይል የሚወስዱት በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ውስጥ ነው፤ በብዙ ማሽኖች 28 ወይም 56 ሰኮንድ ተብሎ ይወሰናል። መዳቡም ገና ቀዝቃዛ ነው። በዚህች ጊዜ ሁሉም ላፕቶፕ ጀግና ነው።

ስለዚህ ሲኔቤንች የተባለውን ነፃ መፈተኛ አሥር ደቂቃ ያህል እየደጋገመ እንዲሠራ ማድረግና ከጎኑ ኤችደብሊውኢንፎ በተባለው ፕሮግራም ሦስት ቁጥር መከታተል ያስፈልጋል፤ ዲግሪ፣ ዋትና ጊጋኸርዝ። በአሥረኛው ደቂቃ ላይ የተረጋጋው ዋት ነው ገዢው በእርግጥ የሚገዛው። 45 ዋት ላይ የረጋ አይ 9 ከ75 ዋት አይ 7 በላይ ገንዘብ የሚጠየቅበት ምክንያት የለም። ፔስት በማደስ የሚፈታ ችግር ካለው ደግሞ ለተደራዳሪ ገዢ እንዲያውም ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ በትንሽ ወጪ የሚመለስ ፍጥነት በቅናሽ ዋጋ ይገኛል።

በገበያው ላይ የሚናፈስ አንድ ወሬ ከዚህ ጋር መለየት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2024 የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ ምክንያት እየተበላሹ መሆኑ ተሰምቶ፣ ኩባንያው ማሻሻያ አውጥቶ ዋስትናውን በሁለት ዓመት አራዝሟል። ጉዳዩ ግን የዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ነው። ኢንቴል የላፕቶፖቹ ችግሩ እንደሌለባቸው አስታውቋል። 13ኛ ትውልድ ላፕቶፕን በዚህ ስም ለማርከስ የሚሞክር ደላላ ካለ የሌላውን ዕዳ ነው የሚያስከፍለው።

ሙከራው በባትሪ ሳይሆን ቻርጀሩ ተሰክቶ መደረግ አለበት፤ በባትሪ ሁሉም ጌሚንግ ላፕቶፕ ኃይሉን ይቀንሳልና። ቻርጀሩም የራሱ መሆን አለበት። 230 ዋት የሚፈልግ ማሽን ባለ 120 ዋት ቻርጀር ተሰክቶበት ሲቀርብ ኃይል ስለሚያጥረው ይዘገያል። ገዢው ፔስት እንደ ደረቀ ገምቶ ጥገና ቤት ይመላለሳል። ወይም ደግሞ ሙቀቱ ዝቅ ማለቱን አይቶ ደስ ብሎት ይከፍላል። የዋቱ ቁጥር በቻርጀሩ ጀርባ ላይ ተጽፏል፤ ገንዘቡ ከመተላለፉ በፊት ገልብጦ ማንበብ ነው።